ውሰት መመለስ አይደለም

የእንግሊዝ ጦር ከዐፄ ቴዎድሮስ አምባ ከመቅደላ ዘርፎ የወሰዳቸው ቅርሶች ጉዳይ በተነሣ ቁጥር «እንግሊዞች ሊመልሱ ተስማሙ» የሚል ወሬ ስለሚከተል፣ የውሰትንና የመመለስን ልዩነት ማስረዳት ያስፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ2018 የለንደኑ ቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም ያቀረበው ሐሳብ የረጅም ጊዜ ውሰት ነበር፤ ይህም ማለት ሙዚየሙ የያዘው የመቅደላ የወርቅ ዘውድ አዲስ አበባ ቢቀመጥ እንኳ፣ ከጎረቤት የተዋስነው ምጣድ እኛ ቤት ስለጋገርንበት ብቻ የእኛ እንደማይሆን ሁሉ፣ ባለቤትነቱ ከለንደን አይነቃነቅም (የራስን ዕቃ መዋስ እንግዳ ነገር መሆኑ ሳይዘነጋ)። እርግጡ ነገር፣ እ.ኤ.አ. የ1963ቱ የብሪቲሽ ሙዚየም ሕግ ከጥቂት ልዩ ሁኔታዎች በቀር ቅርስን ከስብስቡ አውጥቶ መስጠትን መከልከሉ ነው፤ ቪክቶሪያና አልበርትንም የ1983ቱ ሕግ በተመሳሳይ መንገድ ያስረዋል። የሚለያየው እንደ ባለይዞታው ነው፤ እነዚህ ሕጎች የማይመለከቱት ተቋም ወይም ግለሰብ ከፈለገ መመለስ ይችላል፤ ለምሳሌ በለንደን የሚገኘው ናሽናል አርሚ ሙዚየም የዐፄ ቴዎድሮስን የፀጉር ዘለላዎች በ2019 ለኢትዮጵያ አስረክቧል።