«ጠማማ ቋጠሮ» ምንድን ነው?

ባለፈው ክረምት አንድ ጠዋት ብስክሌቴን እየጋለብኩ ወደ ሐይቅ ዳር ስወርድ ቀኝ እግሬ ድንገት አልንቀሳቀስ አለኝ። የጫማዬ ክር ተፈትቶ ፔዳሉ ላይ ተጠምጥሟል። ብስክሌቱ ቆመ። እኔ ግን አልቆምኩም። ጉልበቴ ተላጠ፣ ሱሪዬ ተቀደደ፤ አንድ የባጃጅ ሹፌር ወርዶ «አይዞህ፣ አይዞህ» እያለ አነሳኝ። ሀዋሳ ሜዳ ስለሆነች ብስክሌት እንደ ልብ የሚነዳባት ከተማ ናት፤ ሜዳ ላይ መውደቅ ደግሞ ከቁስሉ ይልቅ እፍረቱ ይብሳል።

ያናደደኝ ክሩን ከቤት ስወጣ አጥብቄ አስሬው መውጣቴ ነው። ሁሌም አጥብቄ ነው የማስረው። ሁሌም ይፈታል። እስከዚያ ቀን ጥፋቱን በክሩ ላይ ስለጥፍ ነው የኖርኩት። ለአንድ ጫማ ሦስት ጊዜ ክር ቀይሬያለሁ።

በማግስቱ ጫማውን ላሳጥብ ሊስትሮ ጋ ተቀመጥኩ። ልጁ ነጠላ ጫማ ሰጠኝና ክሩን አወጣ፣ ለብቻው በኦሞ አሸው፣ ጫማውን በጥርስ ብሩሽ ፈትጎ ፀሐይ ላይ አሰጣው። ሲደርቅ የአንዱን ክር መልሶ አስገብቶ እግሬ ላይ አሰረልኝ። ሁለተኛውን እኔ ራሴ ሳስር አየኝና ሳቅ አለ።

«ጋሼ፣ የእርስዎ ቋጠሮ እኮ ጠማማ ነው።»

«እንዴት ጠማማ?»

«ይዩታ። የኔ ተኝቷል፣ የእርስዎ ቆሟል።»

ጎንበስ ብዬ አየሁ። እውነቱን ነው። እሱ ያሰረው ቋጠሮ ሁለት ጆሮዎች በጫማው ላይ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ተጋድመዋል። የኔዎቹ አንዱ ወደ ጣቶቼ፣ አንዱ ወደ ቁርጭምጭሚቴ ይጠቁማሉ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ እንዲያ ሳስር ኖሬ አላየሁትም።

ስሙን ከልጁ ወስጄ ልቀጥል። ጠማማ ቋጠሮ ማለት ሁለት ግማሽ ቋጠሮዎች በአንድ አቅጣጫ የተደራረቡበት ቋጠሮ ነው። ጫማ ስናስር የምንሠራው ሁለት ነገር ነው። መጀመሪያ ሁለቱን ጫፎች አሻግረን፣ አንዱን በሥር አሾልከን እንስባለን። ይሄ አንድ ግማሽ ነው። ቀጥሎ አንዱን ጫፍ አጥፈን ጆሮ እንሠራለን፣ ሌላውን በጆሮው ዙሪያ ጠምጥመን እናሾልካለን። ይሄም ያው ግማሽ ቋጠሮ ነው፤ ልዩነቱ ክሩ ታጥፎ መግባቱ ብቻ ነው። ጆሮዎቹ ስለሚያምሩ ሌላ ነገር የሠራን ይመስለናል እንጂ፣ አንዱን ነገር ሁለት ጊዜ ነው የደገምነው።

ነገሩ ያለው እዚህ ጋ ነው። የመጀመሪያው ቀኝ በግራ ላይ ከሆነ፣ ሁለተኛው ግራ በቀኝ ላይ መሆን አለበት። ያኔ ሁለቱ ግማሾች ይያያዛሉ፤ አንዱ ሌላውን ይቆልፋል፤ ቋጠሮው ጠፍጣፋ ሆኖ ይተኛል። የመጀመሪያ ዕርዳታ ሥልጠና የወሰደ ሰው ይህን ያውቀዋል። ባለሦስት ማዕዘን ፋሻ አንገት ላይ ሲቋጠር «ቀኝ በግራ፣ ግራ በቀኝ» እያሉ ነው የሚያስተምሩት። ሁለቱንም ጊዜ ቀኝ በግራ ካደረጋችሁ ግን ግማሾቹ አይቆላለፉም። እርስ በርስ ይጣመማሉ፣ ይንሸራተታሉ። እጅ ደግሞ የለመደውን መድገም ይወዳል።

መድኃኒቱ አንዱን ብቻ መገልበጥ ነው። ወይ የመጀመሪያውን መሻገር፣ ወይ በጆሮው ዙሪያ የምትጠመጥሙበትን አቅጣጫ። አንዱን ብቻ! እኔ በጉጉት ሁለቱንም ገልብጬ ያው ጠማማ ቋጠሮ ወጣልኝ። ልጁ በዚህኛው ላይ በደንብ ሳቀ። ከሁለቱ የመጀመሪያውን መገልበጥ ይቀላል፤ ጆሮ የመሥራቱን ሥራ እጅ ሳያስብ ስለሚሠራው እሱን ባትነኩት ይሻላል። እንዲያም ሆኖ እኔን አንድ ሳምንት ያህል ግራ አጋብቶኛል።

ለመፈተሽ ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው ልጁ ያደረገው ነው፦ ዝቅ ብሎ ማየት። ሁለተኛው ከቋጠሮው ሥር ያለውን ክር በሁለት እጅ ይዞ ግራና ቀኝ መሳብ ነው። ጠማማው ወዲያው ዞሮ ይቆማል። ደህናው በተኛበት ይቀራል።

ግን አጥብቄ ያሰርኩት ክር፣ ማንም ሳይነካው፣ እንዴት ራሱን ይፈታል? ይህን የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በርክሌይ የሜካኒካል ምሕንድስና ተመራማሪዎች በቁም ነገር ይዘውት ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ2017 አሳትመዋል። ከቡድኑ አንዷ፣ ክሪስቲን ግሬግ፣ በመሮጫ ማሽን ላይ ሮጣ ጫማዋ በጣም ፈጣን በሆነ ካሜራ ተቀረጸ። ስንሮጥ እግራችን መሬቱን የሚመታው ከመሬት ስበት 7 እጥፍ ገደማ በሆነ ኃይል ነው። በያንዳንዱ ምት ቋጠሮው ይለጠጥና ይላላል። ያ ብቻውን ችግር አልነበረውም። ግን እግራችን ሲወናጨፍ የተንጠለጠሉት የክር ጫፎች እንደ ጅራፍ ይወረወራሉ፤ በተወረወሩ ቁጥር ክሩን ወደ ውጭ ትንሽ ትንሽ ይስቡታል። ምቱ ያላላል፣ ውርወራው ይስባል። አንዴ መንሸራተት ከጀመረ ጫፉ ይረዝማል፤ የረዘመ ጫፍ የበለጠ ይስባል። ስለዚህ ክራችን ሰዓታት ሙሉ ደህና ቆይቶ በድንገት በሰኮንዶች ውስጥ ይፈታል።

የወደድኩት ሙከራቸው ይሄኛው ነው። ግሬግ ተቀምጣ እግሯን ብቻ ስታወዛውዝ ክሩ አልተፈታም። ሳታወዛውዝ መሬቱን ብቻ ስትረግጥም አልተፈታም። የሚፈታው ሁለቱ ሲገናኙ ነው። የኔም ነገር በዚህ ገባኝ። ብስክሌቱ ላይ ከመውጣቴ በፊት ጎማውን ለማስነፋት እየገፋሁት ረጅም መንገድ በእግሬ ሄጃለሁ። ቋጠሮው ያለቀለት ያኔ ነው። ፔዳሉ የቀረውን ጨረሰው።

ጠማማ ያልሆነውም ቋጠሮ ቢሆን ጨርሶ አይፈታም ማለት አይደለም። ጠማማው ግን ቀድሞ ይሸነፋል።

እዚህ ላይ እናቴ ትዝ ትለኛለች። ገበያ ስትሄድ ብሯን በመቀነቷ ጫፍ ቋጥራ ነው። ያንን ቋጠሮ ፈታ ለመስጠት ራሷ ደቂቃ ይፈጅባታል፤ ነጋዴው እጁን ዘርግቶ ይጠብቃል። በራሱ ሲፈታ አይቼ አላውቅም። መቀነት የጥጥ ፈትል ነው፣ ሻካራ ነው፣ እርስ በርሱ ይያያዛል። አብዛኛው የዘመኑ የጫማ ክር ግን ፖሊስተር ወይም ናይለን ነው፤ ክብ ሆኖ ከለሰለሰ ደግሞ እንደ ዓሣ ያሟልጫል። ጠፍጣፋው ክር ይሻላል። የግድ ያንን ለስላሳ ክር ከፈለጋችሁ፣ በጆሮው ዙሪያ አንዴ በመጠምጠም ፈንታ ሁለቴ ጠምጥሙት። በጣም ይይዛል፤ ለመፍታት ግን እንደ ወትሮው ጫፉን መሳብ ይበቃል። ጆሮዎቹን ደግሞ እንደ ልጅ ደርቦ መቋጠርም አለ። ይሠራል፣ ግን ማታ ሲደክማችሁ ለመፍታት ጥርስ ያስፈልጋል።

እስካሁን የተናገርኩት ስለ ማሰር ነው። ክሩን በቀዳዳዎቹ ማስገባት ራሱን የቻለ ዓለም ነው። ስድስት ጥንድ ቀዳዳ ያለው ጫማ 12 ቀዳዳ አለው። በፈለጋችሁት ቅደም ተከተል፣ ከላይም ከሥርም ማስገባት ከተፈቀደ፣ መንገዱ ወደ 2 ትሪሊዮን ይጠጋል። አብዛኛው እግር ላይ የማይውል ነው። በአውስትራሊያ ሞናሽ ዩኒቨርሲቲ የሒሳብ ሊቅ የሆነው ቡርካርድ ፖልስተር እ.ኤ.አ. በ2002 ኔቸር በተባለው የሳይንስ መጽሔት ላይ ነገሩን በሒሳብ አስልቶ አሳየ። አጥብቆ ለመሳብ የሚበልጡት ሁሉም ሰው የሚያውቃቸው ሁለቱ ናቸው፦ እየተሻገረ እንደ ኤክስ የሚወጣው፣ እና ከላይ ሲያዩት እንደ መሰላል አግድም የሚታየው። ከሁለቱ የትኛው እንደሚበልጥ በቀዳዳዎቹ ርቀት ይወሰናል። ሊስትሮው ሒሳቡን ሳይማር እዚያው ደርሷል።

አንድ ነገር ግን ልብ በሉ። የእግራችሁ ጀርባ ላይ ጫማው የሚጫናችሁ ቦታ ካለ፣ እዚያ ላይ ክሩን አታሻግሩት። በዚያው በኩል ቀጥ አድርጋችሁ ወደሚቀጥለው ቀዳዳ አውጡትና ከዚያ በላይ ማሻገሩን ቀጥሉ። ጫማ ከመቀየር ይረክሳል።

አሁን ደግሞ ወደ አንዲት ትርፍ ቀዳዳ ልለፍ። ብዙ የስፖርት ጫማ ላይ፣ ከሁሉም በላይ፣ ወደ ቁርጭምጭሚት ሸሸት ብላ የተበሳች አንዲት ቀዳዳ አለች። እኔ የፋብሪካ ስህተት ነበር የምትመስለኝ። ሥራዋ ተረከዝ መያዝ ነው። ክሩ ከመጨረሻው ቀዳዳ ሲወጣ ሳይሻገር በዚያው በኩል ወደ ትርፏ ቀዳዳ ይገባል፤ ከውጭ በኩል ትንሽ ቀለበት ይተዋል። በሌላውም በኩል እንዲሁ። ከዚያ እያንዳንዱ ጫፍ ተሻግሮ በማዶው ቀለበት ውስጥ ያልፋል። ስትስቡት ጫማው ቁርጭምጭሚታችሁን ጨብጥ ያደርጋል። ልዩነቱ የሚታወቀው ቁልቁለት ላይ ነው። ከታቦር ተራራ ስወርድ ጣቶቼ ከጫማው አፍንጫ ጋር እየተጋጩ ጥፍሬ ይጠቁር ነበር። አሁን ቀርቷል።

የጫማ ነገር ሲነሳ ሩጫ መጥራት የኛ ሰው ልማድ ነው፤ እኔም አልቀርም። እ.ኤ.አ. በ1993 በሽቱትጋርት የዓለም ሻምፒዮና፣ የ10,000 ሜትር ፍጻሜ የመጨረሻው ዙር ሊጀመር ሲል፣ ከኋላ የነበረው ኃይሌ ገብረሥላሴ የኬንያዊውን ሞሰስ ታኑይን ተረከዝ ረገጠው። ጫማው ከእግሩ ወለቀ። ታኑይ አሽቀንጥሮ ጥሎት በአንድ ጫማ ተፈተለከ። ኃይሌ መጨረሻ ላይ ደርሶበት ወርቁን ወሰደ። እ.ኤ.አ. በ2016 ሪዮ ላይ ደግሞ ዕጣው ለእኛ ደረሰ። እቴነሽ ዲሮ በ3,000 ሜትር መሰናክል ማጣሪያ ላይ በግጭት ጫማዋ ወለቀ። መልሳ ልታጠልቀው ሞከረች፣ እምቢ አላት። ጫማውንም ካልሲውንም ወርውራ በአንድ እግሯ ባዶ መሰናክሉን እየዘለለች ሰባተኛ ወጣች፤ በኋላ በይግባኝ ፍጻሜ ገባች። ያቺ ትርፍ ቀዳዳ ሁለቱን ታድናቸው ነበር አልልም። የተረገጠ ተረከዝ የተረገጠ ነው።

እንዲያም ሆኖ ትርፏ ቀዳዳ ለኛ አገር ኑሮ አንድ ጣጣ አላት። በዚያች የታሰረ ጫማ ቶሎ አይወልቅም። እኛ ደግሞ ስናወልቅ የምንውል ሰዎች ነን። ቤተክርስቲያን ደጅ፣ መስጊድ ደጅ፣ የጎረቤት ምንጣፍ አጠገብ። ለዚህ ነው ብዙ ሰው ክሩን ላላ አድርጎ አንዴ አስሮ፣ ከዚያ በኋላ ተረከዙን እየረገጠ የሚያጠልቀው። የጫማው ጀርባ የሚሞተውም በዚሁ ነው። እኔ ሐይቅ ዳር ለመሮጥና ታቦር ለመውጣት በትርፏ ቀዳዳ አስራለሁ። እሁድ ጠዋት ገብርኤል ስሄድ ግን ክር የሌለው ጫማ ነው የማደርገው።