ሰፊ እይታ ያለው የቪአር መነጽርና የመኪና እሽቅድምድም፦ ጅማ ላይ የምሰማቸው የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

ለገና የመጣው የአክስቴ ልጅ ከውጭ ያገለገለ፣ ግን በደንብ የተያዘ ሰፊ እይታ ያለው የቪአር መነጽር ይዞልኝ መጣ፤ ዓይን ላይ ታስሮ ጌሙ ውስጥ ያለህ የሚያስመስል ዕቃ ነው፣ ሄድሴትም ይሉታል። ፈረንጅ አራዳ ባለችው ክፍሌ የመኪና ጌም የምጫወትባቸው መሪውና ፔዳሎቹ ቀድሞም ነበሩ። ወንበሩ ከአሮጌ ሚኒባስ የወጣ የጋቢና ወንበር ነው። ማቆሚያውን በእንጨት የሠራልኝ በርጩማና አልጋ የሚሠራ የሰፈራችን አናጺ ነው፤ ፍሬኑን ባለ በሌለ ኃይሌ ስረግጠው ንቅንቅ አይልም። የጅማ አናጺ ስሙን ያገኘው በዋዛ አይደለም።

ከዚያ ወዲህ ሦስት ሳምንት ሆነ፤ ቤቴም ሰው አጥታ አታውቅም። የዩኒቨርሲቲ ልጆች ይመጣሉ፣ ባጃጅ ነጂዎች ይመጣሉ፣ ጌም ቤት ያለው ጓደኛዬም መጥቶ ሞክሯል። ሁለቱ እንዲህ ዓይነቱን ለመግዛት ብር እያጠራቀሙ ነው። ከሁሉም አፍ ግን ተመሳሳይ ነገር እየሰማሁ ነው፣ አብዛኛውም ልክ አይደለም። ሰው ላቡን አንጠፍጥፎ ያገኘውን ገንዘብ በተሳሳተ ወሬ እንዲያወጣ ስለማልፈልግ አንድ በአንድ ላንሳው።

«ሰፊ እይታ ማለት ትልቅ ቴሌቪዥን ማለት ነው»

አይደለም። የሌሎቹ ስህተቶች ሁሉ ሥር ይሄ ስለሆነ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ።

የተለመዱት ሄድሴቶች የሚያሳዩት 110 ዲግሪ ገደማ ነው። በዚያ ስታይ ከፊትህ ያለው ዓለም ሙሉ ነው፣ ግራና ቀኝህ ግን ጥቁር ነው። የጋሪ ፈረስ ዓይኑ ጎንና ጎን ላይ ከለላ ሲደረግለት እንዴት እንደሚያይ አስብ፤ ልክ እንደዚያ ነው። ሰፊው ሄድሴት የሚያደርገው ያንን ከለላ ማንሳት ነው። ፊት ለፊት ያለው ምስል በዚህ አይተልቅም፣ አይቀርብም፤ የሚጨመርልህ ጎኑ ነው።

ጎኑ ደግሞ ለእሽቅድምድም ትልቅ ነገር ነው። ሞንዛ በሚባለው የጣሊያን የመሽቀዳደሚያ መንገድ ላይ ረጅሙን ቀጥታ ጨርሰህ የመጀመሪያው ኩርባ ላይ ፍሬን ስትይዝ፣ ሌላ መኪና በጎንህ አፍንጫውን ያስገባል። በጠፍጣፋ ስክሪን ይህንን የምታውቀው ስክሪኑ ላይ በሚወጣ ቀስት ወይም በድምፅ ነው። በጠባቡ ሄድሴት አንገትህን ማዞር አለብህ፤ በዚያች ቅጽበት ደግሞ ዓይንህን ከኩርባው ማንሳት ነው ዋናው አደጋ። በሰፊው ግን በዓይንህ ጥግ አንድ ቀይ ነገር ሲንቀሳቀስ ታያለህ፣ መሪህን በዚያው ትይዝለታለህ። የመኪናውን ዓይነት አታውቅም፣ ቁጥሩን አታነብም፤ መኖሩን ግን ታውቃለህ፣ እሱ ይበቃል። ይህ ነገር ለመጀመሪያ ጊዜ ሲገጥመኝ ልቤ ምት ሳተ።

ሁለተኛው ፍጥነት ነው። ከጅማ ወደ አዲስ አበባ በአውቶቡስ የሄደ ሰው ያውቀዋል። ጊቤ በረሃ ላይ ፊት ለፊት የሚታየውን ሸንተረር ካየኸው አውቶቡሱ የቆመ ይመስላል፤ ዓይንህን ወደ ጎን መስኮት ስታዞር ግን ቁጥቋጦው በሩጫ ያልፋል። የፍጥነትን ስሜት በብዛት የሚሰጠን የዓይናችን ዳር ነው። መናኸሪያ ውስጥ ቁጭ ብለህ አጠገብህ ያለው አውቶቡስ ወደ ኋላ ሲል የአንተው ወደ ፊት የሄደ መስሎህ ደንግጠህ አታውቅም? ሊቃውንቱ ቬክሽን የሚሉት ይህንን ነው፤ ሰፊ ሄድሴት ደግሞ ይህንኑ ስሜት ያበረታዋል። በስክሪን ላይ 200 ኪሎ ሜትር በሰዓት ቁጥር ብቻ ነበር። አሁን መሪውን ጨብጬ የምይዝበት ፍጥነት ሆኗል።

«200 ዲግሪ ካለው የሰው ዓይን የሚያየውን ሁሉ ያሳያል»

የሰው ሁለት ዓይን ወደ ጎን 200 ዲግሪ ገደማ ማየቱ እውነት ነው። ማስታወቂያ ላይ የሚጻፈው 200 ግን ብዙ ጊዜ ከማዕዘን እስከ ማዕዘን፣ በሰያፍ የተለካ ነው። በሰፊ እይታ ሄድሴቶቹ ስሙን ያተረፈው ፒማክስ የተባለው ኩባንያ ለምሳሌ 200ን የሚናገረው በሰያፍ ነው። በአግድም ሲለካ ከዚያ ያንሳል። በዚያ ላይ የማሳያውን ስፋት ጠባብ፣ መካከለኛና ሰፊ ብሎ የሚያስመርጥ ማስተካከያ አለ፤ ብዙ ሰው መጨረሻ ላይ የሚረጋው መካከለኛው ላይ ነው። እኔም እንደዚሁ።

ዳሩም እንደ መሃሉ ጥርት ያለ አይደለም። በመጀመሪያው ቀን ጎኔ ያሉት ምሰሶዎች ሳልፋቸው ሲጎብጡ አየሁና ዕቃው የተበላሸ መሰለኝ። ለካ በሁለቱ ሌንሶች መካከል ያለውን ርቀት ከዓይኖቼ ርቀት ጋር አላስተካከልኩትም ነበር። የአዋቂ ሰው ርቀት በአማካይ 63 ሚሊ ሜትር አካባቢ ነው፣ ከሰው ሰው ግን ይለያያል። መስታወት ፊት ቆሜ በማስመሪያ ለክቼ ሳስተካክለው መጉበጡ በጣም ቀነሰ፤ ጨርሶ ግን አልጠፋም። ዓይንህን ወደ ጎን ወርውረህ ዳሩን ካላየኸው ግድም አይሰጥህም።

«8ኬ ተጽፎበታል፣ ስለዚህ ከማንኛውም ቲቪ ይጠራል»

ስሙ ብዙ ሰው አሳስቷል። ፒማክስ እ.ኤ.አ. በ2017 በኪክስታርተር ከሕዝብ ከ4 ሚሊዮን ዶላር በላይ የሰበሰበበት «8ኬ» ሄድሴት ውስጡ ያለው ለእያንዳንዱ ዓይን 3840 በ2160 ነጥብ የሆነ፣ ማለትም ባለ 4ኬ ስክሪን ነው። ሁለቱ ጎን ለጎን ሲቀመጡ ወርዳቸው 7680 ስለሚሆን ነው 8ኬ የተባለው። የእውነተኛ 8ኬ ቲቪ የነጥብ ብዛት የሁለቱ ስክሪኖች ድምር እጥፍ ነው። ያ የመጀመሪያው ሞዴል ደግሞ ከኮምፒውተሩ የሚቀበለው ለእያንዳንዱ ዓይን 2560 በ1440 ምስል ነበር፤ ራሱ ዘርግቶ ያሳድገዋል።

የጌም ቤቱ ጓደኛዬ «ታዲያ 4ኬም ብዙ ነው» አለኝ። በተለካ ሊጥ ሰፊ ምጣድ ላይ እንጀራ ስትጋግር ምን ይሆናል? ይሳሳል። ነጥቦቹም እንዲሁ ናቸው፤ በሰፊ ማዕዘን ሲበተኑ በእያንዳንዱ ዲግሪ ላይ የሚደርሱት ጥቂት ናቸው። ጤናማ ዓይን በአንድ ዲግሪ ውስጥ 60 ያህል ነጥብ ሊለይ ይችላል፤ አብዛኞቹ ሄድሴቶች የሚሰጡት የዚህን ግማሽ እንኳ አይሞላም። ሩቅ ያለውን የፍሬን መያዣ ምልክት፣ 150 ሜትር የሚለውን ሰሌዳ፣ ከስክሪኔ ይልቅ ዘግይቼ ነው የማነበው።

«ኮምፒውተሬ ጌም ያጫውታል፣ ይበቃዋል»

ብር ከማውጣታችሁ በፊት ይህችን ክፍል ሁለት ጊዜ አንብቡልኝ።

ከግድግዳ አንድ ሜትር ርቀህ ቁም። ግድግዳው ላይ 100 ዲግሪ የሚሸፍን ሥዕል ብትስል ወርዱ 2.4 ሜትር ገደማ ይሆናል። 150 ዲግሪ እንዲሸፍን ከፈለግህስ? 7.5 ሜትር ገደማ። ማዕዘኑ በአንድ እጥፍ ተኩል አደገ፣ ግድግዳው ግን ከሦስት እጥፍ በለጠ፤ ወደ ጎን የሚሄደው መስመር ግድግዳውን የሚያገኘው እጅግ ርቆ ነውና። የኮምፒውተሩን ምስል የሚሠራው ግራፊክስ ካርድም የሚስለው እንዲህ ባለ ጠፍጣፋ ግድግዳ ላይ ነው። ሸክሙን ለመቀነስ ሰፊዎቹ ሄድሴቶች ስክሪኖቻቸውን ወደ ውጭ ዘወር አድርገው ይተክሏቸዋል። የቆዩ ጌሞች ግን ይህንን ስለማይረዱ እንደገና ቀጥ ባለ መንገድ እንዲሳልላቸው ማስተካከያ ማብራት ያስፈልጋል፤ እሱ ደግሞ ሸክሙን ይመልሰዋል።

ይህ ሁሉ የሚሠራው በጣም አጭር ጊዜ ውስጥ ነው። በሰከንድ 90 ምስል ለማሳየት ለአንዱ ያለህ 11 ሚሊ ሰከንድ ብቻ ነው። ከዚያ ካለፈ ምስሉ ይንቀጠቀጣል፣ ሆድም አብሮ ይንቀጠቀጣል። እኔ የጥላውን ጥራት አወረድኩ፣ የስፖኪዮውን ምስል ቀነስኩ፣ ስፋቱን መካከለኛ አደረግሁ፣ አብረውኝ የሚሽቀዳደሙትንም ከ20 መኪና ወደ 11 አወረድኩ። ከዚያ በኋላ ነው ለስላሳ የሆነው። ብር ከሚያጠራቅሙት አንዱ ካርዱ ከእኔም ያንሳል፤ መጀመሪያ ካርዱን እንዲቀይር፣ ካልሆነም ጠባቡን ሄድሴት እንዲገዛ ነገርኩት። ከፋው፤ ግን ከገዛ በኋላ ከሚከፋው ይሻላል።

«ልምድ ያለው ሾፌር አያቅለሸልሸውም»

ለብዙ ዓመት የአዲስ አበባን መንገድ በሚኒባስ የተመላለሱ፣ ጋሼ የምንላቸው ጎረቤት አሉን። ልጆቹ «እሳቸውማ ምን ይሆናሉ» ብለው አስቀመጧቸው። ሦስተኛው ኩርባ ላይ ግንባራቸው ላብ አወጣ። ሄድሴቱን ቶሎ አወለቅሁላቸው። ትንፋሻቸው ሲመለስ ያሉኝን አልረሳውም፦ «ልጄ፣ መኪናው ሄደ፣ እኔ ግን አልሄድኩም።»

ነገሩን በአንድ ዐረፍተ ነገር ጨርሰውታል። ዓይን መዞርንና ፍሬን መያዝን ያያል፤ በጆሯችን ውስጥ ያለው የሚዛን አካል ግን ምንም አልተሰማውም። መኪና የሚያመው ሰው የሚገጥመው ተገላቢጦሹ ነው፤ አካሉ ይንቀሳቀሳል፣ ዓይኑ ግን የተተከለው ከፊቱ ባለው ወንበር ላይ ነው። ልምድ ያለው ሾፌር ደግሞ ፍሬን ሲረገጥ ደረት ወደ ፊት መሄዱን፣ ኩርባ ላይ ትከሻ መገፋቱን ሰውነቱ ይጠብቃል፤ ሲጠብቅ የቀረው ነገር ይበልጥ ይረብሸዋል። በአውሮፕላን ሲሙሌተር ላይም ልምድ ያላቸው አብራሪዎች ከጀማሪዎች ይልቅ ሲታመሙ ታይቷል።

ሰፊ እይታ ይህንን ያባብሳል። ያንን የፍጥነት ስሜት የሰጠን የዓይን ዳር ራሱ ነው ሆድን የሚያናውጠው። ብዙ የቪአር ጌሞች ተጫዋቹ ሲንቀሳቀስ ዳሩን የሚያጨልሙት ለዚህ ነው። ስለዚህ ለጀማሪ ጠባቡን ማስተካከያ አድርጉለት፣ ጋቢናው ውስጥ ያለውን ክሩስኮትና መሪ ዓይኑ እንዲይዝ ንገሩት፤ የማይንቀሳቀስ ነገር ማየት ያረጋጋል። የመጀመሪያው ቀን አሥር ደቂቃ ይበቃል። ሲያጥወለውል «ልቋቋመው» ማለት ትልቅ ስህተት ነው፤ ሰውነት ሄድሴቱን ከሕመም ጋር አያይዞ ይይዘዋል፣ በማግስቱ ገና ሽታው ሲሸት ይጀምረዋል። ጋሼን ከሁለት ቀን በኋላ በዝግታ፣ ቀጥታው በሚበዛበት ሞንዛ ላይ አስቀመጥኳቸው። ሁለት ዙር ነዱ፣ ቡናቸውንም በሰላም ጠጡ።

«ካደረግኸው ወዲያው ሰዓትህ ይሻሻላል»

የእኔ የአንድ ዙር ሰዓት በመጀመሪያው ሳምንት ከአንድ ሰከንድ በላይ ዘገየ። ሞንዛ 5.793 ኪሎ ሜትር ነው፤ አንድ ሰከንድ እዚያ ብዙ ነው። ምክንያቱ ደግሞ ፍርሃት ይመስለኛል፤ ግድግዳው እውነት ሲመስል እግር ቀድሞ ፍሬን ላይ ይሄዳል። በሦስተኛው ሳምንት ወደ ቀድሞው ሰዓቴ ተመለስኩ፣ ከዚያ አላለፍኩም። የተሻሻለው ነገር ሌላ ነው፦ ስህተቴ ቀነሰ፣ ከሰው ጋር ጎን ለጎን መንዳት ቻልኩ።

እግረ መንገዴን፣ ርቀትንና ዳገትን የመለየት ችሎታ የመጣው ከስፋቱ የሚመስላቸውም አሉ። እሱ የሚመጣው ሁለቱ ዓይኖች የተለያየ ምስል ከማየታቸው ነው፤ ጠባቡም ሄድሴት ይሰጣል። 20.8 ኪሎ ሜትር የሚረዝመው የጀርመኑ ኑርቡርግሪንግ ሰሜናዊ የመሽቀዳደሚያ መንገድ በስክሪን ሜዳ ይመስል ነበር፤ በማንኛውም ሄድሴት ግን የምር ቁልቁለትና ዳገት ነው።

«ስክሪኑ ዓይን ላይ ስለሆነ የቅርብ ብቻ የሚታየው ሰው መነጽር አያስፈልገውም»

ያስፈልገዋል። ሌንሶቹ ምስሉን ከአንድ እስከ ሁለት ሜትር ገደማ ርቀት ላይ እንዳለ አድርገው ነው ለዓይን የሚያቀርቡት። ሩቅ የሚደበዝዝበት ሰው እዚህም ሊደበዝዝበት ይችላል። መነጽር ደግሞ ዓይንን ከሌንሱ ስለሚያርቅ የተከፈለበትን ስፋት ይበላል፣ ሌንሱንም ይቧጭራል። በዓይን ቁጥር ልክ ተሠርቶ ከውስጥ የሚገጠም ሌንስ አለ፤ አቅሙ ያለው ሰው እሱን ያሠራ።

«ዓይን ያጠፋል»፣ «ሰፊ አዳራሽ ይፈልጋል»፣ «ያለ ኢንተርኔት ዋጋ የለውም»

ዓይን ያደክማል፤ በየግማሽ ሰዓቱ አውልቆ ሩቅ ማየት ይረዳል። ለትንንሽ ልጆች ግን አልሰጥም፤ ክብደቱም የሌንሱም ርቀት ለእነሱ አልተሠራም። ቦታ በተመለከተ፣ ለእሽቅድምድም ቁጭ ስለምትል ወንበር የምታስቀምጥበት ይበቃል። ኢንተርኔቱ እንደ ጌሙ ነው፦ አሴቶ ኮርሳ አንዴ ከተጫነ በኋላ ብቻህን ያለ ኢንተርኔት ይሠራል፤ አይሬሲንግ ግን የግድ ይፈልጋል።

«ተራ ዕቃ ነው፣ የትም ቢቀመጥ ምን ይሆናል»

ሁለት ነገር ይጎዳዋል። አንዱ መብራት ነው። ድንገት ሲጠፋ ጨለማ ውስጥ መቅረትህ ያልፋል፤ ሲመለስ በኃይል የሚመጣው ግን ካርዱን ሊያቃጥል ይችላል። እኔ ኮምፒውተሩን ከነሄድሴቱ መብራት ሲጠፋ በባትሪው በሚይዝ ዩፒኤስ ነው የምጠቀመው።

ሁለተኛው ፀሐይ ነው። ሌንሱ ልክ እንደ ማጉያ መስታወት ብርሃኑን ሰብስቦ ስክሪኑ ላይ ያሳርፋል፤ ጥቂት ጊዜ በቀጥታ ከመታው የማይጠፋ ጠባሳ ይጥልበታል። ጠዋት ጠዋት ሌንሱ ቀዝቅዞ ስለሚያድር ፊቴ ላይ ሳደርገው ጉም ይይዛል። ይህን ያየችው እናቴ ባለፈው ቅዳሜ ጓሮ ቡናውን ልታሰጣ ስትወጣ «ይሙቅለት» ብላ መስኮቱ ላይ፣ ሌንሱን ወደ ውጭ አዙራ አስቀመጠችልኝ። ደግነቱ ፀሐይዋ ገና የጎረቤቱን ማንጎ አላለፈችም ነበር። ነገሩን ሳስረዳት ራሷ ከነጠላ ቁራጭ ከረጢት ሰፋችለት፤ አሁን የሚያድረው ቁም ሳጥን ውስጥ፣ ሌንሱ ወደ ታች ሆኖ ነው።