ድምፁን አጥፍቼ ሳየው

የተወደዳችሁ፣ ሰላም ለእናንተ ይሁን። ዛሬ ስለ ሚም እንነጋገር። አዎ፣ በየስልካችን ስለሚዞረው ቀልድ።

ቃሉን ያወጣው ሪቻርድ ዶኪንስ የተባለ የሥነ ሕይወት ሊቅ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1976። ያኔ ቲክቶክ የለ፣ ሪልስ የለ። ከሰው ወደ ሰው እየተቀዳ ለሚዛመት ሐሳብ፣ ዜማ ወይም ልማድ ስም ፈልጎ፣ መምሰልን ከሚያመለክት የግሪክ ቃል አበጀው። ሰውየው በእግዚአብሔር አያምንም፤ ቃሉ ግን ለእኛም ይሆነናል። ሐዋርያው ጳውሎስ «እኔ ክርስቶስን እንደምመስል እኔን ምሰሉ» ሲል (1ኛ ቆሮ. 11፥1) በግሪኩ የጻፈው ቃል ከዚያው ሥር ነው።

እንግዲህ አይቶ መድገም በራሱ ኃጢአት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2014 ሰዉ ሁሉ በረዷማ ውሃ ራሱ ላይ ሲያፈስ የነበረበትን ቻሌንጅ ታስታውሱ ይሆናል። ኤ.ኤል.ኤስ ለሚባለው፣ ጡንቻን እያደከመ ለሚሄደው በሽታ ነበር። በዚያ ክረምት ለአንድ የአሜሪካ ማኅበር ብቻ 115 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ገባ። አንዱ ሌላውን እያየ ነው ያደረገው።

እኔን ያስደነገጠኝ ሌላ ነገር ነው። አንድ ማለዳ ምዕራፌን ላነብ ስልኬን ከፈትኩ። መጀመሪያ ያገኘሁት ግን ቪዲዮ ነበር። አንዲት ሴት ደረጃ ላይ ተንሸራታ ትወድቃለች። ልክ ስትወድቅ ያ የታወቀ የሳቅ ድምፅ ይገባል። ሳቅሁ። ለሦስት ሰው ላክሁ። እውነቱን ለመናገር፣ ደግሜም አየሁት።

በኋላ ቤተሰብ እንዳልቀሰቅስ ድምፁን አጥፍቼ አየሁት። ሌላ ቪዲዮ ሆነብኝ። ሴትዮዋ ትነሳለች። የተበተነውን ዕቃዋን ትለቅማለች። አንድ እጇ ጉልበቷን ይዟል። ከዚያ ቀና ብላ ግራ ቀኝ ታያለች፤ ያየኝ ሰው አለ ወይ ብላ ነው። ምስኪን! እኔ አልጋዬ ላይ ሆኜ ለአራተኛ ጊዜ እያየኋት ነው።

ምሳሌ 26፥18-19 ባልንጀራውን አታልሎ «በጨዋታ አደረግሁት» የሚለውን ሰው ፍላጻና ሞት ከሚወረውር እብድ ጋር ያመሳስለዋል። ለፕራንክ ሠሪዎች የተጻፈ ነው የሚመስለው። እኔ ግን ፕራንክ አልሠራሁም፣ ያስተላለፍኩት ብቻ ነኝ ብዬ ልሸሽ ሞከርኩ። አልሆነልኝም። ተኳሹ አንድ ቢሆን እንኳ ፍላጻውን የምናቀባብለው እኛ ነን።

ደግሞ አማርኛችን እንዴት ያለ ነገር ይዟል! መምሰል፣ ምስል፣ ምሳሌ አንድ ሥር ናቸው። ዘፍጥረት 1፥26 ሰው «እንደ ምሳሌያችን» ተፈጠረ ይላል። በስልኩ ምስል ላይ የወደቀችውም ሴት የእግዚአብሔር ምሳሌ ናት። ከቪዲዮው ሥር የተደረደሩት የሳቅ ኢሞጂዎች ይህን አይነግሩንም። ስለዚህ ከዚያ ቀን ወዲህ ሼር ከማድረጌ በፊት አንድ ጊዜ ድምፁን አጥፍቼ አያለሁ። ብዙ ጊዜ ቀልዱ ቀልድ ሆኖ ይቀጥላል፤ እስቃለሁ፣ እልካለሁም። አንዳንዴ ግን ፊት ይታየኛል።

ያን ዕለት ከላክሁላቸው ለሁለቱ ጽፌ «አጥፉት» አልኳቸው፤ አጠፉት። ሦስተኛው «ውይ፣ እኔ ለሰፈሩ ሁሉ ልኬዋለሁ» አለኝ።