«ከተክል የተሠራ» ውሃ የማያስገባ ጨርቅ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ድንኳን፣ የጭነት መኪና ሸራ፣ የዝናብ ጃኬት፣ የሆስፒታል ፍራሽ ልባስ። እነዚህን ውሃ እንዳያስገቡ የሚያደርጋቸው ክሩ ሳይሆን ክሩ ላይ የተቀባው ስስ የፕላስቲክ ሽፋን ነው። አብዛኛው ፖሊዩረቴን ወይም ፒቪሲ ነው፤ ጥሬ ዕቃውም በብዛት ከነዳጅ ዘይትና ከተፈጥሮ ጋዝ ይመጣል። አሁን አሁን ግን ከጉሎ፣ ከበቆሎና ከሸንኮራ አገዳ የሚሠሩ ሽፋኖች ገበያ ገብተዋል። ይኼ እውነተኛ እድገት ነው፣ እኔም ከልቤ እደግፈዋለሁ። ለዚህም ነው «ከተክል የተሠራ» የሚለውን ጽሑፍ ያየ ሰው በሐሳቡ የሌለ ነገር ጨምሮበት ሲገዛ የሚያሳስበኝ።

«ከተክል ከሆነ አፈር ውስጥ ይበሰብሳል»

በጣም የተለመደው ስህተት ይኼ ስለሆነ ረጋ ብለን እንየው። አንድ ፕላስቲክ መበስበስ አለመበስበሱን የሚወስነው ካርቦኑ ከየት እንደመጣ ሳይሆን ሞለኪውሎቹ የተያያዙበት ትስስር ነው፤ ተህዋስያን ያንን ትስስር መቁረጥ ከቻሉ ይበሰብሳል፣ ካልቻሉ አይበሰብስም። ብራስከም የተባለው የብራዚል ኩባንያ ከ2010 (እ.ኤ.አ.፤ ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም እንዲሁ) ጀምሮ ከሸንኮራ አገዳ አልኮል ፖሊኤትሊን ያመርታል። ሞለኪውሉ ከነዳጅ ከሚሠራው ጋር አንድ ነው። ሜዳ ላይ ከተጣለ እንደማንኛውም ፌስታል ዓመታት ይቀመጣል። በተቃራኒው ፒቢኤቲ የሚባለው ፕላስቲክ ብዙውን ጊዜ ከነዳጅ ይሠራል፣ ግን ይበሰብሳል። ከበቆሎ የሚሠራው «ፒኤልኤ» የሚባለው ፕላስቲክስ? እሱም ይበሰብሳል፤ ነገር ግን 60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ የሚሞቅ የኢንዱስትሪ ኮምፖስት ይፈልጋል፣ ቀዝቃዛ አፈር ውስጥ ብዙም ሳይነካ ለረጅም ጊዜ ይቆያል።

ሌላም አለ። ሽፋኑ ቢበሰብስ እንኳ ከሥሩ ያለው ጨርቅ ብዙውን ጊዜ ፖሊስተር ወይም ናይለን ነው፣ እሱ የትም አይሄድም። ደግሞስ ዝናብና ፀሐይ ላይ ዓመታት እንዲቆም የገዛነው ድንኳን እንዲበሰብስ ለምን እንፈልጋለን? የተክሉ ጥቅም ያለው ሌላ ቦታ ነው፦ ካርቦኑ ከመሬት ሥር የተቆፈረ ሳይሆን ተክሉ በቅርቡ ከአየር የሳበው መሆኑ ላይ።

«መቶ በመቶ ተክል ነው»

እምብዛም። ፖሊዩረቴን የሚፈጠረው ፖሊዮልና አይሶሳይኔት የሚባሉ ሁለት ነገሮች ሲዋሃዱ ነው። ከተክል ለማግኘት የሚቀለው ፖሊዮሉ ነው፣ እዚህ ላይ ደግሞ ጉሎን የሚስተካከለው ጥቂት ነው። ከዘይቱ 90 በመቶ ገደማ የሚሆነው ሪሲኖሌይክ አሲድ ነው፤ ይኼ አሲድ ሃይድሮክሲል የሚባለውን መያያዣ ከተፈጥሮው ይዞ ስለሚመጣ ከአይሶሳይኔት ጋር በቀጥታ ይዋሃዳል፣ የአኩሪ አተር ዘይት ግን መያያዣው በፋብሪካ ካልተጨመረለት አይሆንም። ፀጉራችንን የምንቀባው ዘይት እንዲህ ያለ ኬሚስትሪ ይዞ መገኘቱ ሁሌም ይገርመኛል። ከበቆሎ ስኳርም ፕሮፔንዳዮል የሚባል ጥሬ ዕቃ በባክቴሪያ እየተብላላ ይወጣል፤ አሜሪካ ቴነሲ ግዛት ውስጥ ከ2006 ጀምሮ በፋብሪካ ደረጃ ይመረታል።

አይሶሳይኔቱ ግን አሁንም በአብዛኛው የነዳጅ ልጅ ነው። ስለዚህ ሻጩን «ስንት በመቶው?» ብላችሁ ጠይቁ። መልሱ በላቦራቶሪ የሚለካ ነው። ነዳጅ ሚሊዮኖች ዓመታት ከመሬት ሥር ስለቆየ ካርቦን 14 የሚባለው፣ በጊዜ ብዛት እየመነመነ የሚሄድ የካርቦን ዓይነት አልቆበታል፣ በቅርቡ የበቀለ ተክል ግን አለው፤ ልዩነቱ ተለክቶ መጠኑ ይወጣል። አንዳንድ ኩባንያዎች ደግሞ የተክሉን ጥሬ ዕቃ ከነዳጁ ጋር በአንድ መስመር አቀላቅለው ያስገቡና ድርሻውን በሂሳብ መዝገብ ለአንድ ምርት ይመድባሉ። አሠራሩ የታወቀና ምስክር ወረቀት የሚሰጥበት ነው፣ ሆኖም እጃችሁ የገባው ጨርቅ ውስጥ የተክል ካርቦን ላይኖር ይችላል።

«አዲስ ፈጠራ ነው»

አይደለም። ስኮትላንዳዊው ቻርልስ ማኪንቶሽ በ1823 የባለቤትነት መብት ያገኘበት የዝናብ ጨርቅ ከዛፍ የሚገኝ ጎማ በሁለት ጨርቆች መሀል የተቀባበት ነበር። ሲሞቅ ይጣበቃል፣ ሲበርድ ድርቅ ብሎ ይጠነክራል፤ ይኼ ችግር የተቃለለው አሜሪካዊው ቻርልስ ጉድይር በ1839 ጎማን ከድኝ ጋር ማሞቅን ካገኘ በኋላ ነው። መርከበኞች የተልባ ዘይት የጠጣ ልብስ ይለብሱ ነበር። በመጀመሪያው የዓለም ጦርነት የአውሮፕላን ክንፍ ጨርቅ የሚወጠረውም ከሴሉሎስ፣ ማለትም ከተክል አካል፣ በተሠራ ቅብ ነበር።

«ከተክል የሆነው ቶሎ ይላጣል»

አሮጌ ቦርሳ ውስጡ ሲጣበቅና ሲረግፍ አይታችሁ ይሆናል። ያ የሚሆነው እርጥበት በፖሊዩረቴኑ ውስጥ ያለውን ኤስተር የሚባል ትስስር ቀስ በቀስ ስለሚቆርጠው ነው። ኤስተሩ ከነዳጅም መጣ ከበቆሎ፣ ውሃው አይለይም። ፖሊካርቦኔት በሚባለው ዓይነት ፖሊዮል የተሠራ ሽፋን እርጥበትን በጣም በተሻለ ይቋቋማል። ድንኳን ከመጠቅለላችሁ በፊት በደንብ አድርቁት፤ የሽፋኑን ዕድሜ ከሚያረዝሙት ነገሮች ዋናው ይኼ ነው።

«ተክል ስለሆነ አይጎዳም»

ለባሹን ላይጎዳ ይችላል፣ የተጠናቀቀው ሽፋን በአብዛኛው ከሌላ ነገር ጋር በቀላሉ የማይዋሃድ ነገር ነው። ፋብሪካ ውስጥ ያለው ሠራተኛ ግን ያው አይሶሳይኔት ይገጥመዋል፣ እሱም አስም ያስይዛል። የጉሎ ፍሬም ራሱ ሪሲን የሚባል ከባድ መርዝ አለው፤ መርዙ ከፋጉሎው ጋር ይቀራል እንጂ ወደ ዘይቱ አያልፍም።

«የምግብ እህል ይሻማል»

በቆሎ ከሆነ ጥያቄው ተገቢ ነው። ጉሎ አይበላም፣ ደረቅ መሬትም ይችላል፤ መነሻውም ኢትዮጵያን የሚጨምረው የምሥራቅ አፍሪካ አካባቢ እንደሆነ ይታመናል፣ ዛሬ ግን ከሁሉም በላይ የምታመርተው ህንድ ናት። ወሳኙ የሚዘራበት መሬት ነው። ወላይታ ውስጥ ከዓመታት በፊት ለባዮዲዝል ተብሎ ገበሬዎች በኮንትራት ጉሎ ሲዘሩ ከእርሻ ማሳቸው ቆርሰው ነበር፤ እንዲህ ሲሆን የማይበላ ተክልም ከእህል ጋር ይሻማል።

«ፍሎሪን የሌለው የተክል ቅብ ሁሉንም ይመልሳል»

ውሃን አዎ፣ ዘይትን አይ። በጃኬት ላይኛው ገጽ ውሃ እንዲንከባለል የሚያደርገው ቅብ ከውስጡ ሽፋን የተለየ ነው፤ ለብዙ ጊዜ የሚሠራውም አካባቢ ውስጥ በማይጠፉት ፒፋስ በሚባሉት የፍሎሪን ኬሚካሎች ነበር። ካሊፎርኒያ ከ2025 ጀምሮ አብዛኞቹን አዳዲስ የፒፋስ ጨርቆች ከልክላለች። ምትክ የሆኑት ከተክል ሰምና ቅባት የሚሠሩ ቅቦች ዝናብን በደንብ ይገፋሉ። ዘይት ግን የገጽ ውጥረቱ (ጠብታው ሳይሰራጭ ተሰብስቦ እንዲቆም የሚያደርገው ኃይል) ከውሃ በጣም ያነሰ ስለሆነ እነሱ ላይ ይሰራጫል፣ ጨርቁም ይጠጣዋል። ኬሚካልና ነዳጅ ለሚረጭበት ሠራተኛ ይኼ ትልቅ ጉዳይ ነው። ዝናብ ብቻ ለሚመታው ጃኬት ግን ዘይት የሚመልስ ቅብ ቀድሞም አያስፈልግም ነበር።