የንግድ ምልክት ምንድን ነው? ሶፍትዌርስ ስም ማውጣት ለምን ይቸግራል?

ድሬዳዋ፣ ከዚራ አንድ ሻይ ቤት ተቀምጠን ወዳጄ ስልኩን አውጥቶ ሲሠራ የከረመውን አሳየኝ። በስልክ ባጃጅ የሚጠራ መተግበሪያ ነው። ካርታው ላይ ሳቢያን አለ፣ ቀፊራ አለ፣ ደቻቱን የምትሻገር ትንሽ ሰማያዊ ባጃጅ ሳትቀር ተስላለች። ከላይ በትልቁ «ድሬ ባጃጅ» ይላል።

«አቦ፣ ስሙ ያምራል» አልኩት። «ግን ግማሹ የሰው ነው፣ ግማሹ ደግሞ የማንም አይደለም።»

ከፋው። ሻዩ ሁለቴ ተቀድቶ ነው የተግባባነው።

የንግድ ምልክት ማለት የአንዱን ዕቃ ወይም አገልግሎት ከሌላው የሚለይ፣ በዓይን የሚታይ ምልክት ነው፤ ቃል ሊሆን ይችላል፣ ሥዕል፣ ፊደል፣ ቁጥር፣ ወይም የእነዚህ ቅንጅት። እኛ አገር የሚገዛው አዋጅ ቁጥር 501/1998 ነው፤ መዝገቡን የሚይዘው የኢትዮጵያ አእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን። ምዝገባው ለ7 ዓመት ይጸናል፣ ከዚያ ይታደሳል። ወዳጄ «ንግድ ፈቃድ ሳወጣ ስሙን አስመዝግቤያለሁ» ብሎ ተከራክሮኝ ነበር። እሱ የንግድ ስም ነው፤ ነጋዴው ራሱ የሚጠራበት። የንግድ ምልክት ሸቀጡ የሚታወቅበት ሲሆን ምዝገባውም ለብቻው ነው። የጻፈው ኮድ፣ ማለትም መተግበሪያውን የሚያሠራው የትእዛዝ ጽሑፍ፣ ደግሞ በቅጂ መብት የሚጠበቅ ሦስተኛ ነገር ነው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፦ ኮዱን እያንዳንዷን መስመር ራስህ ጽፈህ ስሙ ግን የሌላ ሰው ሊሆን ይችላል።

«ባጃጅ» ለእኛ ባለ ሦስት እግሯ ናት። ለሕንዱ አምራች ግን ከመሥራቹ ቤተሰብ የወረሰው ስም ነው። «ድሬ» ደግሞ የአገር ስም ነው፤ ዳቦ ቤቱም ጋራዡም ይጠቀምበታል፣ አንዱ ለብቻው ልያዘው ቢል መዝጋቢው በቀላሉ አይሰጠውም። ዕቃው ምን እንደሆነ ወይም ከየት እንደመጣ ብቻ የሚናገር ቃል ባለቤቱን ለይቶ አያሳይም። የአገር ስም ምን ያህል እንደሚያታግል ከሐረር ሰው በላይ የሚያውቅ የለም። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2005 ሐረርን፣ ሲዳሞንና ይርጋጨፌን አሜሪካ ውስጥ በቡና ምልክትነት ለማስመዝገብ ስታመለክት፣ የአሜሪካ ብሔራዊ ቡና ማኅበር ስሞቹ የቡና ዓይነት መጠሪያ ሆነዋል ብሎ ተቃወመ። ከአሜሪካው የቡና ኩባንያ ከስታርባክስ ጋር ስምምነት ላይ የተደረሰው በ2007 ነው። መንግሥት እንኳ እንዲህ ከተሟገተ፣ አንድ ላፕቶፕ ያለው ልጅ ምን ይዋጠው?

ሁለተኛው ጣጣ መመሳሰል ነው። እዚሁ ድሬ ታይዋን ገበያ ቻርጀር የገዛ ሰው ይህን ለመረዳት ጠበቃ አያስፈልገውም፤ አንዲት ፊደል የተለወጠችበትን ስም ያየው ቤቱ ገብቶ ነው። ሕጉም የሚጠይቀው ይህንኑ ነው፦ ገዢው ይደናገራል ወይ? ስለዚህ የዕቃው ዘርፍ ይታያል። በዓለም አቀፉ አመዳደብ ቡና ክፍል 30 ነው፣ ቢራ ክፍል 32፤ ለዚህም ነው ሐረር የሚል ቡናና ሐረር የሚል ቢራ አብረው የኖሩት። ሶፍትዌር ግን በአብዛኛው ክፍል 9 እና 42 ውስጥ ታጭቋል፤ የዓለም ፕሮግራም ሠሪ ሁሉ እዚያው ይጋፋል።

ፋየርፎክስ የሚባለውን የኢንተርኔት መቃኛ እንውሰድ። እ.ኤ.አ. በ2002 ሲወለድ ስሙ ፊኒክስ ነበር። ፊኒክስ የሚባል ሌላ የኮምፒውተር ኩባንያ ስለነበር በ2003 ፋየርበርድ ተባለ። አሁን ደግሞ ፋየርበርድ የሚባል የዳታቤዝ ፕሮጀክት ያላቸው ሰዎች ተቆጡ። በ2004 ፋየርፎክስ ሆነ፤ በሁለት ዓመት ሦስት ስም። በኋላ የመቃኛው ባለቤት ሞዚላ በተራው ስሙን ጠባቂ ሆነ። ኮዱን ማንም ወስዶ ሊለውጥ ይችላል፣ ያለ ፈቃድ በለወጠው ላይ ግን ፋየርፎክስ የሚለውን ስም መለጠፍ አይችልም። ዴቢያን የሚባለውን ነፃ የኮምፒውተር ሥርዓት የሚያዘጋጁት ሰዎች በ2006 ያንኑ መቃኛ «አይስዊዝል» ብለው አወጡት። ፋየር እሳት፣ ፎክስ ቀበሮ ነውና፣ እሳቱን በበረዶ፣ ቀበሮውን በሌላ አውሬ ለውጠው መቀለዳቸው ነው። እስከ 2016 በዚያው ስም ቆየ።

ሊንዶውስ የሚባል የኮምፒውተር ሥርዓት የሚሠራ ኩባንያ ነገር ደግሞ ግራ ያጋባል። ማይክሮሶፍት ስሙ ዊንዶውስን ይመስላል ብሎ በ2001 ከሰሰ። ዊንዶውስ ማለት በእንግሊዝኛ መስኮቶች ነውና፣ ተከሳሹም «መስኮት የሚል ተራ ቃል የማን ሆኖ ነው?» ብሎ ተከራከረ። በ2004 ሲታረቁ 20 ሚሊዮን ዶላር የከፈለው ከሳሹ ማይክሮሶፍት ነው፤ ተከሳሹም ስሙን ሊንስፓየር ብሎ ቀየረ። እኔ ከዚህ የምረዳው ተራ ቃል ይዞ የገነነ ኩባንያ ራሱ ፍርድ ቤት ሲገባ እንደሚፈራ ነው።

በጣም መግነንም የራሱ ችግር አለው። የትኛውንም የታሸገ ውኃ «ሃይላንድ»፣ የትኛውንም የልብስ ዱቄት ሳሙና «ኦሞ» እንላለን። ለባለቤቱ መጀመሪያ ደስ ይላል፣ ኋላ ግን ስሙ የሁሉም ይሆንና ከእጁ ይወጣል።

ወዳጄ በመጨረሻ ለመጓጓዣ የማይመስል፣ ከአያቱ የሰማውን አንድ ቃል መረጠ። መጀመሪያ በግዕዝ ፊደል፣ ቀጥሎ በላቲን በሦስት ዓይነት አጻጻፍ ፈለገው፤ አሰማሙ አንድ ከሆነ ፊደሉ መለየቱ አያድንማ። ሾፌሮቹ አሁንም «ያ የባጃጁ» ነው የሚሉት። ስሙን እዚህ አልጽፈውም። እኛ ዘንድ ባለቤትነት የሚገኘው የምስክር ወረቀቱ ሲሰጥ ነው፣ እሱ ደግሞ ማመልከቻውን ገና አላስገባም።