ዋኪዛሺ፦ የጃፓኑ አጭር ሰይፍና ጌጦቹ

ዋኪዛሺ ከረጅሙ ካታና ጎን የሚታጠቁት የጃፓን አጭር ሰይፍ ነው። ስለቱ ከ30 እስከ 60 ሴንቲሜትር ገደማ ይረዝማል፤ ከዚያ ያጠረው ታንቶ ይባላል፣ በእኛ አነጋገር ጩቤ። ሁለቱ ሰይፎች አንድ ላይ ሲሆኑ ዳይሾ ናቸው፣ ትልቅና ትንሽ ማለት ነው። በኤዶ ዘመን፣ እ.ኤ.አ. ከ1603 እስከ 1868፣ ጥንዱን መታጠቅ የሳሙራይ ወግ ነበር። ነጋዴው አጭሩን ብቻ ይታጠቃል። ሀብታም ከሆነ ደግሞ ብሩን ጌጡ ላይ ያፈሰዋል።

ስለ ስለቱ ብዙ ስለተባለ እዚህ አልደግመውም። ታታራ በሚባል ምድጃ ከብረት አሸዋ ይወጣል፣ እየታጠፈ ይቀጠቀጣል፣ ጭቃ ተለቅልቆ ግሎ ውሃ ውስጥ ይነከራል። በቃ።

ጌጡ ግን ጉድ ነው። ጹባ በእጀታውና በስለቱ መካከል የሚገባ ጠፍጣፋ ብረት ሲሆን እጅ ወደ ስለቱ እንዳይንሸራተት ይይዛል። እጀታው በሻካራ የዓሣ ቆዳ ተለብዶ በሐር ጥብጣብ ይጠመጠማል፤ ከጥብጣቡ ስር ሜኑኪ የሚባሉ ጥንድ ትናንሽ ምስሎች ይወሸቃሉ። ሰገባው ጎን ላይ ኮዙካ፣ ማለትም የትንሽ ቢላ እጀታ፣ እና ኮጋይ የሚባል ቀጭን ዘንግ ይሰካሉ። ኮጋይ ጸጉር ማስተካከያ ነበር ይባላል።

በዚህ ሙያ የጎቶ ቤተሰብን የሚስተካከል የለም። መሥራቹ ጎቶ ዩጆ (1440–1512) ለሾጉኑ (ለጃፓን ወታደራዊ ገዥ) አሺካጋ ዮሺማሳ ይሠራ ነበር፤ ዋናው የዘር ሐረግ 17 ትውልድ ዘልቋል። የሚወዱት ማዕድን ሻኩዶ ነው፦ መዳብ ላይ ጥቂት ወርቅ ተጨምሮበት፣ በኬሚካል ውሃ ተቀቅሎ ወደ ሰማያዊ የሚያደላ ጥቁር ይሆናል። መደቡን ናናኮ በሚባሉ እንደ ዓሣ እንቁላል ባሉ ጥቃቅን ነጥቦች ይሞሉታል፣ እያንዳንዷ በእጅ ተመትታ። የዩጆ ነው የሚባለው ሁሉ ግን የዩጆ ላይሆን ይችላል፤ የጥንቶቹ ሥራዎች ፊርማ የላቸውም፣ የማን እንደሆኑ መስክረው የጻፉባቸው የልጅ ልጆቹ ናቸው። በኋላ ዮኮያ ሶሚን (1670–1733) መጣና በብሩሽ የተሳለ የሚመስል ቅርጽ በመሮ መቅረጽ ጀመረ።

በ1876 መንግሥት ሰይፍ ታጥቆ አደባባይ መውጣትን ከለከለ፤ ወታደርና ፖሊስ ሲቀሩ። አንጥረኞቹ ባንድ ጀምበር ሥራ ፈቱ ማለት ይቻላል። የሰይፍ ጌጥ አንጥረኛው ካኖ ናትሱኦ ግን አስቀድሞ ለአዲሱ የጃፓን ሳንቲም ንድፍ ሠርቶ ነበር። በ1890 የንጉሠ ነገሥቱ ቤት ባለሙያ ተብሎ ተሾመ። ሌሎቹ ለአውሮፓ ገበያ የአበባ ማስቀመጫና የጌጥ ሣጥን ወደ መሥራት ዞሩ።

ዛሬ አንድ አሮጌ ዋኪዛሺ እጃችሁ ቢገባ፣ እጀታው ውስጥ የተደበቀውን የብረቱን ጭራ ዝገት እንዳትፈትጉ፤ ዕድሜው የሚነበበው እዚያ ነው። ፊርማ ካለም ቶሎ አትመኑ፣ የታዋቂ ሰው ስም አስመስሎ መቅረጽ ጥንትም ነበር። ሰብሳቢዎች ብዙ ጊዜ ስለቱን አውጥተው ባልተቀባ የእንጨት ሰገባ ያስቀምጡታል። ጌጡ እንዳይፈታ ደግሞ በስለቱ ቦታ ከእንጨት የተጠረበ ስለት ያስገቡበታል።