የግፊት ውሃ እጥበት በኮምቦልቻና በደሴ

ላቫጆ ቃሉ ጣልያንኛ ነው፤ ማጠብ ማለት ነው። ኮምቦልቻ ላይ ግን ቃሉ ብዙ ነገር ይሸከማል። ቦታውም ላቫጆ ነው፣ ሥራውም ላቫጆ ነው። «የት ነው የምትሠራው?» ለተባለ ልጅም «ላቫጆ» ማለት በቂ መልስ ነው። ይህ ጽሑፍ በኮምቦልቻና በደሴ ስለሚሠራበት የግፊት ውሃ ማሽን፣ አብረውት ስለሚሄዱት ሳሙናና ኬሚካሎች፣ እንዲሁም በሁለቱ ከተሞች መኪናና ግድግዳ እንዴት እንደሚታጠብ ነው።

መንገዱና ጭቃው

ኮምቦልቻ የሹፌር ከተማ ናት። ከአዲስ አበባ ወደ ሰሜን የሚወጣው መንገድና በባቲ በኩል ወደ ሚሌ የሚወርደው መንገድ እዚሁ ይገናኛሉ። እስከ 1990 ዓ.ም. በዚህ መንገድ የአሰብ ጭነት ይመጣ ነበር። ከዚያ ወዲህ የጅቡቲ ነው። ደረቅ ወደቡ አለ፣ የጨርቃጨርቅ ፋብሪካው አለ፣ ከ2009 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ የኢንዱስትሪ ፓርኩ ተጨምሯል። ተሳቢ ያለው መኪና የማይቆምበት ቀን የለም። መኪና በቆመበት ደግሞ ጎሚስታ፣ ሻይ ቤትና ላቫጆ ይኖራሉ።

ከማሽኑ በፊት እጥበት ማለት ወንዝ ነበር። መኪናውን ቦርከና ዳር አስጠግቶ በባልዲና በጨርቅ መጥረግ ነው።

የሚመጣው ቆሻሻ እንደ ጭነቱ ይለያያል። ከአፍዴራ የመጣ መኪና ጨው ይዞ ይመጣል። ከጅቡቲ ማዳበሪያ የጫነ ደግሞ ነጭ ብናኝ ከወለሉ ስንጥቅ ውስጥ ሸጉጦ ይመጣል። ሁለቱም ብረት ይበላሉ። ለእነዚህ የሚያስፈልገው ብዙ ውሃ እንጂ ብዙ ግፊት አይደለም። ጨው በውሃ ይሟሟል፣ አጥቦ ማውጣት ብቻ ነው። ሲሚንቶ ሌላ ነገር ነው፤ ከደረቀ በኋላ ውሃ አይሰማም። ግራሶና የሞተር ዘይት ደግሞ ያለ ሳሙና ወይ ያለ ሙቅ ውሃ አይለቅም።

በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ የሰሜኑ ጦርነት ሁለቱም ከተሞች ውስጥ ገብቶ እስከ ኅዳር 27 ድረስ ላቫጆውም ሌላውም ሥራ ቆሞ ነበር።

ማሽኑ

የማሽኑን ታሪክ አሜሪካውያን ከራሳቸው ይጀምራሉ። እ.ኤ.አ. በ1927 ፔንሲልቬንያ ውስጥ በእንፋሎት የሚያጥብ ማሽን ተሠርቶ ነበር ይላሉ። በአውሮፓ የመጀመሪያውን የሙቅ ውሃ ከፍተኛ ግፊት ማጠቢያ ግን ጀርመናዊው አልፍሬድ ካርቸር ሠርቷል፣ እ.ኤ.አ. በ1950። ዛሬ ያለው ማሽን በመሠረቱ ከዚያ ብዙም አልራቀም።

ውስጡ ቀላል ነው። ዲናሞ (በመብራት የሚሠራ ሞተር) ወይም የቤንዚን ሞተር ፓምፑን ያዞራል። የደህና ማሽን ፓምፕ ሦስት ፒስተን አለው፤ ብዙ ጊዜ ከሴራሚክ የተሠሩ ናቸው። አንዱ ሲስብ ሌላው ይገፋል፣ ስለዚህ ውሃው ሳይቆራረጥ ይወጣል። ግፊቱን የሚፈጥረው ግን ፓምፑ ብቻውን አይደለም። ፓምፑ ውሃ ይገፋል፤ ጫፉ ላይ ያለው ጠባብ ኖዝል መውጫ ሲያሳጣው ነው ግፊት የሚመጣው። ኖዝሉ ተበልቶ ከሰፋ ማሽኑ «ደከመ» ይባላል። አብዛኛውን ጊዜ ያልደከመ ማሽን ነው፤ የኖዝል ለውጥ ብቻ ነው የሚፈልገው።

የመርጫው እጀታ፣ ሽጉጡ፣ ሲለቀቅ ውሃው የት ይሄዳል? ወደ ኋላ የሚመልሰው ቫልቭ አለ። ውሃው ፓምፑ ውስጥ እየዞረ ይቆያል፤ እየዞረም ይሞቃል። ማሽኑን አብርቶ፣ ሽጉጡን አስቀምጦ፣ ሻይ ሊጠጣ የሄደ ልጅ ሲሎቹን (ፓምፑ ውሃ እንዳያፈስ የሚያሽጉትን ጎማዎች) አቃጥሎ ይመለሳል። ይህ በየላቫጆው የሚታወቅ ጥፋት ነው፤ አሁንም ይደገማል።

ግፊት በባር ይለካል። 1 ባር 14.5 ፒኤስአይ ነው። ለቤት የሚሸጡት ትናንሾቹ 100 ባር አካባቢ ሆነው በደቂቃ 6 ሊትር ያህል ይረጫሉ። ለላቫጆ 150 ባርና በደቂቃ 15 ሊትር ጥሩ መነሻ ነው። ገዢ ሁሉ ባሩን ይጠይቃል፣ ሊትሩን የሚጠይቅ ጥቂት ነው። እንደኔ ከሆነ ሊትሩ ይቀድማል። ባር ቆሻሻውን ከብረቱ ይነቅላል፣ ሊትር ይዞት ይሄዳል። ከትልቅ መኪና ሥር የተነቀለ ጭቃ ካልተወሰደ እዚያው ተመልሶ ይቀመጣል።

ስሌቱ እንዲህ ነው። ባሩን በሊትሩ አባዝቶ ለ600 ማካፈል፤ የሚያስፈልገው ኪሎዋት ይወጣል። 150 በ15፣ ሲካፈል 3.75 ኪሎዋት። ፓምፑ የሚያባክነው ሲጨመር ከ4 ኪሎዋት በላይ ያለው ዲናሞ ይፈለጋል። የቤት መስመር ይህን በደንብ አይችልም። ለዚህ ነው ጠንከር ያሉት ላቫጆዎች ሦስት ፌዝ መብራት የሚያስገቡት። ለውሃውም እንዲሁ፦ ተሳቢ ያለው መኪና ሽጉጡን 40 ደቂቃ ካስያዘ 600 ሊትር ሄደ ማለት ነው፣ ሦስት በርሜል። ሮቶ የሌለው ላቫጆ ውሃ በጠፋ ቀን ይዘጋል።

ኖዝሎቹ በቀለም ይለያሉ። ቀዩ ዜሮ ዲግሪ ነው፣ እንደ መርፌ ይወጋል። ቢጫው 15፣ አረንጓዴው 25፣ ነጩ 40 ዲግሪ ይበተናሉ። ጥቁሩ ሰፊ ነው፣ ለሳሙና። ለመኪና ቀለም ነጩ ይበቃል። ቀዩን ለማንም ጀማሪ አልሰጥም። አንድ ጊዜ እኔው ራሴ የአጎቴን የብረት በር ዝገት አጠራለሁ ብዬ በቀዩ ያዝኩት። ዝገቱ እዚያው ቀረ፣ ቀለሙ ተላጠ። አጎቴ ለአንድ ወር «የኛ ቀለም ቀቢ» እያሉ ጠሩኝ።

ሰው ላይ ማነጣጠር ቀልድ አይደለም። ውሃው ቆዳ ይበሳል። ቁስሉ የመርፌ ጫፍ ቢመስልም ውሃና ቆሻሻ ውስጥ ገብቶ ሥጋውን ስለሚጎዳ በዚያው ሰዓት ሐኪም ቤት መሄድ ያስፈልጋል።

ከፍታ

ሁለቱ ከተሞች በመንገድ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው የሚራራቁት፤ የሐረጎን ዳገት ወጥቶ መግባት ነው። በከፍታ ግን ሌላ ዓለም ናቸው። ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር አካባቢ ናት፣ ደሴ 2,500 ገደማ። የቤንዚን ሞተር በየ1,000 ሜትሩ ከኃይሉ 10 በመቶ ያህል ያጣል። እሽጉ ላይ 6.5 የፈረስ ጉልበት የተባለ ሞተር ደሴ ሲደርስ ወደ 5 ይወርዳል። ሻጩ ይህን አይነግርም። ዲናሞ ኃይሉ በከፍታ አይቀንስም፣ ስስ አየር ግን እንደ ቆላው አያቀዘቅዘውም።

መሳብ ላይም ልዩነት አለ። አየሩ ስለሚሳሳ ፓምፑ ከታች ካለ በርሜል ውሃ መሳብ ይከብደዋል። ሲቸገር ይንጫጫል፣ ጠጠር የዋጠ ይመስላል። መፍትሔው ሮቶውን ከማሽኑ ከፍ አድርጎ ማስቀመጥና መግቢያው ላይ ፊልትሮ ማድረግ ነው። ደሴ ላይ ይህ ግዴታ ነው ማለት ይቻላል።

ሳሙናና ኬሚካል

ከፋብሪካ ሳሙና በፊት እንዶድ ነበር። አረፋ የሚያወጣው ውስጡ ባለው ሳፖኒን ነው። እ.ኤ.አ. በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ ዓድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት በታች ቢልሃርዚያ አስተላላፊ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አይተው የቢልሃርዚያ ምርምራቸውን ጀመሩ። ወንዝ ውስጥ የሚለቀቅ አረፋ ከታች የሚያገኘው ነገር እንዳለ ያኔም ታይቷል።

የዛሬው ላቫጆ መደበኛ ዕቃ ዱቄት ኦሞና ፈሳሽ ሳሙና ነው። ናፍጣም አለ። ሻሲና ሞተር ላይ ያለውን ግራሶ ለማላላት ናፍጣ በብሩሽ ይቀባል። ያላላል፣ አይካድም። ግን ጎማ ነክ ነገሮችን ቀስ በቀስ ያሳብጣል፣ መሬቱንም ያበላሻል። አንዳንድ ነባር ሹፌሮች ናፍጣ ብረቱን ከዝገት ይጠብቃል ይላሉ። ለጥቂት ቀን ይጠብቅ ይሆናል፤ አቧራ ግን እንደ ማር ይስባል። በውሃ የሚቀጠን ግራሶ ማላሊያ ይሻላል።

ካስቲክ ሶዳ ቅባትን ወደ ሳሙና ይለውጣል፤ ኃይለኛ ነው። አልሙኒየምን ግን ይበላል። የጭነት መኪና የነዳጅ ታንከርም ቸርኬም አልሙኒየም ሊሆን ይችላል፣ ስለዚህ ማየት ያስፈልጋል። ሲበጠበጥ ሶዳው ውሃው ላይ ይጨመራል እንጂ ውሃው ሶዳው ላይ አይደፋም፤ ይፈላና ፊት ላይ ይረጫል። አንዳንድ የቸርኬ ማብሪያዎች ደግሞ ሃይድሮፍሎሪክ አሲድ አለባቸው። ይህ ሲነካ ወዲያው ላያቃጥል ይችላል፤ ቆይቶ እስከ አጥንት ይዘልቃል። ያለ ጓንት የሚነካ ነገር አይደለም።

በረኪናና አሲድ አንድ ላይ ከተገናኙ ክሎሪን ጋዝ ይወጣል። በተዘጋ ቦታ ይገድላል።

አንድ መኪና ሲታጠብ

«ሹፌሬ፣ ከሥር ልጀምር?»

«ጀምር። ራዲያተሩን እንዳትነካብኝ ብቻ።»

ልክ ነው። የራዲያተሩ ክንፎች ስስ ናቸው፤ በግፊት ይታጠፋሉ፣ ከዚያ አየር አያሳልፉም። ልጁ ቦቲውን አጥልቋል። መጀመሪያ ሻሲውን፣ ባሌስትራውን (ሞላውን) እና የፓራፋንጎውን (የጭቃ መከላከያውን) ውስጥ ይመታል። ጎማ ላይ ሲደርስ ወደ ኋላ ፈቀቅ ይላል። ከ30 ሳንቲ ሜትር በቀረበ ግፊት የጎማ ጎን ይጎዳል፤ ጉዳቱም ላይታይ ይችላል።

ከዚያ ሳሙናው ይረጫል፣ ከታች ወደ ላይ። ለምን ከታች? ከላይ ከተጀመረ ሳሙናው በደረቀው ቆሻሻ ላይ ይንቆረቆርና መስመር ይሠራል። ሦስት አራት ደቂቃ ይቆያል፣ ሳይደርቅ። በእርጥቡ ሲታጠብ ደግሞ ከላይ ወደ ታች ነው። ጥሩ አጣቢ የሚታወቀው በእነዚህ ደቂቃዎች ነው። ጀማሪው ሳሙናውን ረጭቶ ወዲያው በግፊት ያባርረዋል፤ ያልለቀቀውንም በጉልበት ይታገለዋል። የኮምቦልቻ ልጆች አይታገሉም። ደሴዎች ቅር አይበላቸውና፣ ለትልቅ መኪና እጄን የምሰጠው ለእነሱ ነው።

ታፔላው ላይ «እጥበትና ግራሶ» አንድ ላይ የሚጻፈው በምክንያት ነው። የግፊት ውሃ ከክሮቼራው (ከካርዳኑ መጋጠሚያ) እና ከባሌስትራው ፒን ውስጥ አሮጌውን ግራሶ ገፍቶ ያወጣል፣ ራሱም ይገባል። ታጥቦ ግራሶ ያልተደረገለት መኪና ሳምንት ሳይሞላው ሲጥጥ ይላል።

የደሴ ግድግዳ

ደሴ ላይ ሥራው ሌላ መልክ አለው። ጉሙና የክረምቱ ዝናብ የድንጋይ አጥርና የሲሚንቶ ግድግዳ ላይ አረንጓዴ የድንጋይ ሽበት ያበቅላል። ፀሐይ በማያገኘው ጎን ይብሳል። ይህን በግፊት ብቻ መላጥ ይቻላል፤ ሥሩ ግን ይቀራል፣ በሚቀጥለው ክረምት ይመለሳል። መግደል ነው የሚሻለው። አንድ እጅ በረኪና ለአራት እጅ ውሃ ይቀላቀላል። በረኪናው 5 በመቶ ከሆነ ውህዱ 1 በመቶ ይሆናል። በእጅ መርጫ ይረጫል እንጂ በማሽኑ ፓምፕ አይሳብም፤ ሲሎቹን ይበላል። 10 ወይም 15 ደቂቃ ቆይቶ በነጩ ኖዝል ይታጠባል። አትክልት ካለ አስቀድሞም በኋላም ውሃ ማጠጣት ነው። በረኪና ፀሐይ ላይ ከዋለ ኃይሉን ያጣል፤ ደጅ ከተደረደረ ጀሪካን የሚገዛ ግማሽ ውሃ ሊገዛ ይችላል።

በጭቃ የተሠራ ቤትና መጋጠሚያው በጭቃ የተያያዘ አሮጌ የድንጋይ ግንብ በግፊት አይታጠብም። ብሩሽና ባልዲ ነው። እንደ ንጉሥ ሚካኤል አዳራሽ እንደ አይጠየፍ ያሉ ነባር ግንቦች ላይ ማሽን ይዞ መቅረብ እንኳ አይገባም። ቆርቆሮ ጣሪያ ሲታጠብ ውሃው ወደ ታች ነው የሚያመለክተው፤ ከታች ወደ ላይ ከተረጨ በድርቡ በኩል ቤት ውስጥ ይገባል። እብነበረድ ላይ አሲድ ካረፈ ይፈላል፣ አንጸባራቂውም አይመለስም። የአዲሶቹ ፎቆች መስታወትና ክላዲንግ (የግድግዳ ልባስ) ለስላሳ ሳሙናና ዝቅተኛ ግፊት ይበቃቸዋል፤ መጋጠሚያው ሲልከን ላይ ማነጣጠር ግን አይገባም።

ውሃው ወዴት ይሄዳል

በአዋጅ ቁጥር 300/1995 ብክለት መልቀቅ ክልክል ነው። ቦርከና ወደ አዋሽ ይፈሳል፤ ከኮምቦልቻ በታች በዚያ ውሃ እርሻውን የሚያጠጣ ገበሬና ውሃውን የሚጠጣ ከብት አለ። ከፋብሪካዎቹ ጋር ሲነጻጸር የላቫጆ ድርሻ ትንሽ ነው የሚሉ አሉ፤ እኔም ወደዚያው አደላለሁ። ያም ሆኖ ናፍጣ ያለበት ውሃ በቀጥታ ቦይ ውስጥ መግባት የለበትም።

ዘዴው ውድ አይደለም። ሦስት ተከታታይ የሲሚንቶ ጉድጓድ ነው። የመጀመሪያው ላይ አሸዋና ጭቃ ይዘቅጣል። ሁለተኛው ላይ ዘይቱ ይንሳፈፋል። ወደ ሦስተኛው የሚያሻግረው ቱቦ አፉ ወደ ታች ስለሚታጠፍ የሚያልፈው ከሥር ያለው ውሃ ብቻ ነው። ዘይቱ በጆግ ተጨልፎ በርሜል ይገባል። ችግሩ ሳሙና ሲበዛ ዘይቱ ከውሃው ጋር ተደባልቆ መንሳፈፉን ይተዋል፤ ስለዚህ ሳሙና የሚቆጥብ ላቫጆ ጉድጓዱም ይሠራለታል። ጭቃው በየጊዜው በአካፋ ይወጣል። ሽታው ከባድ ነው፣ ተራውን የሚወድ ልጅ የለም፤ አብዛኛውን ጊዜ አዲስ ለመጣው ነው የሚደርሰው።